በሰው ራስ ላይ የተጣለ ግብርና የአሰባሰቡ ወጪ፤ ብሪታንያ ከ1989 እስከ 1993

ስለ ግብር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ማን ከፈለ፣ ምን ያህልስ ከፈለ የሚለውን ነው። ግብሩን ለመሰብሰብ ራሱ ምን ያህል ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን ለሒሳብ ሹማምንት የተተወ ይመስላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ሲሆን፣ ለምሳሌ የመረጥነውም በብሪታንያ ከ1989 እስከ 1993 ዓ.ም. የቆየውን የራስ ግብር ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ከዚያ በፊት የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ከነዋሪው የሚሰበስቡት የቤት ግብር ነበር፤ መሠረቱም ከ1601 ዓ.ም. የድሆች መርጃ ሕግ ጀምሮ ይቆጠራል። ቤቱ ቢከራይ ምን ያህል ያወጣል ተብሎ ይገመትና በግምቱ ልክ ይከፈላል። ነቀፌታም ነበረበት፤ አንዲት ባልቴት ብቻዋን የምትኖርበት ቤትና አራት ደመወዝተኞች የሚኖሩበት ቤት ግምታቸው እኩል ከሆነ ግብራቸውም እኩል ነበር። በ1985 ዓ.ም. በስኮትላንድ አዲስ ግምት ወጥቶ የብዙ ሰው ግብር በድንገት ስለ ናረ ምሬቱ በረታ። የወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር መንግሥትም በጥር 1986 ባወጣው ሰነድ፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ እኩል እንዲከፍል ሐሳብ አቀረበ። መራጭ ሁሉ ግብር ከከፈለ ምክር ቤቱ ገንዘብ ሲያባክን ዝም ብሎ አያይም ተብሎ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ሎውሰን ይህ ነገር በሥራ ላይ ሊውል እንደማይችል በ1985 በጽሑፍ ቢያስጠነቅቁም የሰማቸው አልነበረም። ግብሩ በሚያዝያ 1989 በስኮትላንድ፣ በሚያዝያ 1990 በእንግሊዝና በዌልስ ተጀመረ።

ችግሩ የታየው በምክር ቤቶቹ ጽሕፈት ቤት ነው። ቤት ባለበት ይቆማል፤ ሰው ግን ይሄዳል፣ ያገባል፣ ይሞታል፣ 18 ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ በየቤቱ ቅጽ እየተላከ አዲስ መዝገብ መከፈትና በየዕለቱ መታረም ነበረበት። የከፋዩ ቍጥር ወደ እጥፍ ሲጠጋ የአሰባሰቡ ወጪ ከእጥፍ አለፈ። ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ሁሉም ጥቂት ይክፈል የተባለው ነገር ነው፤ ድኻውም ተማሪውም ቢያንስ ከመቶ 20 እጅ እንዲከፍል ታዘዘ። ተማሪ ደግሞ ቤት በመቀያየር የታወቀ ነው፤ በዚህ ረገድ እኛም ምስክሮች ነን! ይህችን ጥቂት ገንዘብ ለማግኘት ማስታወቂያ፣ ማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻም የፍርድ ቤት መጥሪያ ይላካል፤ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ የወጣበትን አይተካም። በ1990 በዋይት ደሴት የሚገኘው የሜዲና ምክር ቤት ከሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ቢከስ፣ ማስጠንቀቂያውን በጊዜው ስላልላከ ዳኞቹ ክሱን ሰረዙት።

ያልከፈለው ሰው ዕዳም በከፋዩ ላይ ይደመራል። መንግሥት ለእንግሊዝ የገመተው አማካይ 278 ፓውንድ ሲሆን፣ በ1990 ምክር ቤቶቹ የወሰኑት አማካይ ግን ወደ 360 ፓውንድ ደረሰ። መጋቢት 31 ቀን 1990 በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የተነሣው ሁከት ዝነኛ ስለሆነ እዚህ አንዘረዝረውም። ወይዘሮ ታቸር በኅዳር ወር ሥልጣን ለቀቁ። በመጋቢት 1991 መንግሥት ከእያንዳንዱ ከፋይ 140 ፓውንድ እንዲቀነስ ወሰነ፤ ለማካካሻም የተጨማሪ እሴት ታክስን ከመቶ 15 ወደ 17.5 ከፍ አደረገ። ውሳኔው የተነገረው የበጀቱ ዓመት ሊጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በመሆኑ፣ ምክር ቤቶቹ ያዘጋጁትን የክፍያ ማስታወቂያ ጥለው እንደገና ማስላትና ማሳተም ግድ ሆነባቸው።

በሚያዝያ 1993 የተተካው ግብር ወደ ቤት ተመለሰ። ቤቶች በእንግሊዝ አገር በ8 ደረጃ ብቻ ስለ ተከፈሉ ትክክለኛ ዋጋቸውን ማወቅ አላስፈለገም፤ ብዙውን ቤት ገማቾቹ በመኪና እያለፉ ከውጭ በማየት መደቡት። ዴቪድ በትለር፣ አንድሩ አዶኒስና ቶኒ ትራቨርስ በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የራስ ግብሩን ለማቋቋም፣ ለማካሄድና ለመሻር በከንቱ የጠፋውን ገንዘብ ቢያንስ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ብለው ገምተውታል።

መዝገቡ ግን ወዲያው አልተዘጋም። የስኮትላንድ ምክር ቤቶች ውዝፉን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያሳድዱ ቆይተው፣ ወደ 425 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ዕዳ ሳይሰበሰብ በ2015 ዓ.ም. በሕግ ተሰረዘ።