ማንጎ በቃሪያ፦ ከገዳሪፍ እስከ አፉላ

የመጽሔቱ ኮሚቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ገጽ የምግብ አሠራር ነበር። "ያቺን ለስብሰባው ያመጣሻትን የማንጎ ሳልሳ ጻፊልን" አሉኝ፤ ቀላል ነው ብዬ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስጀምር ግን "ይሄ ምግብ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ አለ።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት የባህል ቀን ተደርጎ ሁላችንም ከቤታችን ምግብ እንድናመጣ ተነገረን። እኔ በቤታችን በጋ ሙሉ የማይጠፋውን ማንጎ በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በሎሚ ከትፌ በትልቅ ሳህን ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዋ አየችውና በደግነት ፈገግ ብላ "ይሄ እኮ ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ እንጀራ የለም እንዴ?" አለችኝ። ሳህኑን ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ተበልቶ አልቋል፤ እኔ ግን ያን ቀን አንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። አሁን 22 ዓመቴ ነው፤ መልሱን ትንሽ ዘግይቼም ቢሆን ልስጥ።

ከቃሪያው ልጀምር። በርበሬ የሌለበት የኢትዮጵያ ወጥ ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን እስኪሻገር ድረስ በርበሬም፣ ቃሪያም፣ ሚጥሚጣም ከአሜሪካ ምድር ውጪ አይታወቁም ነበር። ከዚያ በፊት አባቶቻችን የሚያቃጥል ነገር ሲያምራቸው የነበራቸው ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ነው። በርበሬን ወደ ኢትዮጵያ ማን አስገባው ሲባል፣ ብዙ ሰው በ1541 ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር በምፅዋ የገቡትን 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ይጠራል። እኔ በበኩሌ ወታደር ምግብ ይበላል እንጂ ዘር አይዘራም ባይ ነኝ፤ በቀይ ባሕር ይመላለሱ የነበሩ ነጋዴዎች ይበልጥ ይመስሉኛል። በማንም በኩል ይግባ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በርበሬው ቤተኛ ሆኖ ጠበቀው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጥሬ ሥጋ በቁንዶ በርበሬ ወይም በቀይ በርበሬና በአሞሌ ጨው ተደርጎ፣ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ ሲበላ ማየቱን ጽፏል። እንግዲህ አስተማሪዬ "ኢትዮጵያዊ" የምትለው ቀይ ወጥም ቢሆን ጥቂት መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ብንሄድ የባሕር ማዶ እንግዳ ነው።

ቲማቲምም እንደዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ስሙን የወሰድነው ከዓረብኛ ይመስላል። ራሱ "ሳልሳ" የሚለው ቃልም ይገርማል። በስፓኒሽ ማባያ ማለት ነው፤ ሥሩ በላቲን "ጨው የገባበት" የሚል ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ሱቅ ገብታችሁ ሳልሳ ስጡኝ ብትሉ ግን የሚሰጧችሁ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ነው፤ ቃሉ ለእኛ የደረሰን በጣሊያኖች በኩል ነዋ። እናቴ "የማንጎ ሳልሳ" ስላት ለዚህ ነው የሳቀችብኝ። ነገሩ ግን ከስሙ ይበልጣል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የሚባል የስፔን መነኩሴ ስለ ሜክሲኮ ገበያ ሲጽፍ፣ የተለያየ ቲማቲምና ቃሪያ የሚሸጡ፣ ማባያውንም አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ሰዎችን ይዘረዝራል።

ማንጎ መንገዱ የተለየ ነው። አገሩ ሕንድና አካባቢው ነው፤ እዚያ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲተከል ኖሯል። በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በፖርቱጋሎች ደግሞ ወደ ብራዚል ተሻገረ። በግብፅ፣ በእንግሊዞች ወደ ሲሎን ተግዞ የነበረው አሕመድ ዑራቢ በ1901 ወደ አገሩ ሲመለስ የማንጎ ችግኝ ይዞ መጣ ተብሎ ይወራል። እዚህ እስራኤል ሹክ ላይ የምናያቸው እነ ሃደን፣ ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንትና ኪት ግን የፍሎሪዳ ልጆች ናቸው፤ ሃደን የተባለው በ1902 እዚያ ዘሩን በተከለ አንድ ጡረተኛ ካፒቴን ስም ነው። "ማያ" ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ነች። እኔም እዚሁ ስለተወለድኩ ሳላውቀው የማደላው ለእሷ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማንጎ የቆላ ነገር ነው፤ አሶሳና አርባ ምንጭ በደንብ ይታወቃል። የአያቴ መንደር ግን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ደጋ ላይ ነበር፤ ገብስና ባቄላ እንጂ ማንጎ አያውቅም። ታዲያ እኛ ቤት ማን አስገባው?

ይህን ለዓመታት ጠይቄያለሁ። አያቴ መልሷ አንድ ነበር፦ "ብይ፣ ዝም ብለሽ ብይ።" ባለፈው በጋ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ቃሪያ እየከተፈች፣ ዓይኗን ሳታነሳ ነገረችኝ።

በ1984 ክረምቱ ሳይገባ በእግር ሱዳን ደረሱ። እናቴ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታላቅ እህት ነበረቻት። ኡም ራኩባ ከሚባለው መጠለያ ሰፈሩ። በእነዚያ ዓመታት በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤል ሞተዋል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ይገኛል። ትልቋ ልጅ ታመመች፤ ምግብ የሚባል አልቀምስ አለች። አያቴ ገዳሪፍ ገበያ ወርዳ የሚገዛ ስትፈልግ አንዲት ሱዳናዊት ሴት ጥሬ ማንጎ ከትፋ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳ ስትሸጥ አየች። አያቴ ማንጎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። በምልክት "ለልጅ" አለቻት። ሴትዮዋ ሚጥሚጣውን ትታ በጨው ብቻ ሰጠቻት፤ ገንዘብም አልተቀበለቻትም። ልጅቷ በላችው። "ከብዙ ቀን በኋላ እህል የቀመሰችው ያን ቀን ነው" አለች አያቴ። ከሳምንት በኋላ እዚያው ቀበሯት።

ዘመቻ ሙሴ ኅዳር 1984 ተጀምሮ፣ ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ጥር 5 ቀን 1985 ሲቋረጥ እነ አያቴ እስራኤል ገብተው ነበር። ኡም ራኩባ የሚለው ስም ዳግም በዜና የተሰማው በ2020 መጨረሻ፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያው ሲሰፍሩ ነው። ያን ማታ አያቴ ለምን ቴሌቪዥኑን አጥፍታ እንደተኛች የገባኝ አሁን ነው።

አሠራሩን ካልጻፍኩ ኮሚቴው ይቆጣል። ጠንከር ያለ፣ ያልሟሸሸ 2 ማንጎ ውሰዱ። ቅርፊቱንና የግንጪቱን አካባቢ አስቀድማችሁ በደንብ እጠቡ፤ እዚያ ያለው ወተት ቆዳ ያሳክካል። በትንንሹ ከትፉት። ግማሽ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ የሚያቃጥለው ይቀንስለታል። 2 ቃሪያ ፍሬውን አውጥታችሁ ክተፉ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው ከፍሬው ውሃ ስለሚያወጣ ለ15 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ መረቁ የሚጥመው ያኔ ነው። አናናስ ወይም ፓፓያም ይሆናል። ቲማቲም ከጨመራችሁ ፍሬውን አውጡት፤ አለዚያ ሾርባ ይሆናል። ሌላው ሰው ኩስባራ ያደርግበታል፤ አያቴ ግን ቅጠሉ ትኋን ትኋን ይሸተኛል ስለምትል በረንዳ ላይ በባልዲ ከተከለችው ጤና አዳም ሁለት ቀንበጥ ትጨምራለች። ፍሪጅ ውስጥ እስከ ነገ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ አይጥምም።

እናቴ አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ የማሸጊያ መስመር ላይ ነው የምትሠራው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትገባለች። የማንጎ ወቅት ከደረሰ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ከቤት ሻን ሸለቆ የሚመጣውን ጠባሳ ያለበትን በርካሽ በካርቶን እየገዛች በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። በአፍሳካ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አራት ቋንቋ ይነገራል። ሩሲያኛ ተናጋሪዋ ያለ ቃሪያ ትፈልጋለች፣ ዓረብኛ ተናጋሪዋ ደግሞ ስማቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ትነሰንስበታለች። የማን አገር ምግብ ነው ብሎ የጠየቃት ሰው እስካሁን የለም።

ሁለት ሳህን እንሠራለን፤ አንዱ በቃሪያ፣ ሌላው ትንሽዬ፣ በጨው ብቻ። ትንሹን ለሕፃናት ይመስለኝ ነበር፤ ቤታችን ግን ሕፃን ከጠፋ ቆይቷል። የልጅቷንም ስም አያቴ ነግራኛለች። እዚህ ልጽፈው ብጠይቃት "እሱ ይቅር" ብላ ሎሚውን አቀበለችኝ።