ኩሽኔታ፦ ዓይነቶቹ፣ አሠራሩ እና ሲያረጅ የሚሰጠው ምልክት

ከካራ ወደ ኮተቤ ስትወርዱ ሚኒባሱ «ው...ው...» እያለ ሲያጉረመርም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ፍጥነት ሲጨምር የሚጎላ ድምፅ ነው። አንዳንዴ ጎማው ነው። አንዳንዴ ግን ኩሽኔታው ነው፤ ይሄኛው በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ወሰን ያደገ ልጅ ኩሽኔታን ከመኪና በፊት በጋሪ ነው የሚያውቀው። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ፣ አንድ ጣውላ፣ ከዚያ ቁልቁለት! (ፍሬን እንዳልነበረው አሁን ነው ትዝ ያለን።) ቃሉ የጣልያንኛ ነው፤ «ትንሽ ትራስ» እንደማለት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ አንዱ አንዱ ውስጥ። በመሃላቸው ብይ የሚመስሉ የብረት ኳሶች ይገባሉ። ሙሉ በርሜል መሬት ላይ መጎተትና ማንከባለል ምን ያህል እንደሚለያይ አስቡት። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ይግላል፣ ይበላል፤ ሲንከባለል ግን ሰበቃው በጣም ይቀንሳል። ኳሶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ የሚለያያቸው ማቀፊያ አለ፤ ግራሶው ደግሞ ያለሰልሳቸዋል።

ባለ ኳሱ በብዛት የምናየው ነው፦ ቬንትሌተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ዲናሞ ውስጥ አለ። ኳስ ቀለበቱን የሚነካው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ከባድ ሸክም ግን አይወድም። ለሸክም ባለ ሲሊንደሩ ይሻላል፤ እሱ በመስመር ነው የሚነካው። ቦታ ሲጠብ ሲሊንደሮቹን እንደ መርፌ ያቀጥኗቸዋል።

ለዳገትና ለጠመዝማዛ መንገድ ዋናው ሾጣጣው ነው። የእንጦጦን ኩርባ የሚዞር የጭነት መኪና ጎማው ላይ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። ሾጣጣ ሮለር ሁለቱንም ይችላል። ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካዊ ጋሪ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ፓተንት ያወጣበት ነው። ችግሩ፣ ሲገጠም ልክ ይፈልጋል፦ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል።

ኳስም ሮለርም የሌለው አለ። ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ የሚያርፈው ስስ የዘይት ንብርብር ላይ ነው። ዘይት ሲያልቅ ሞተር የሚያንኳኳው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሸክም እንምጣ። በመሐንዲሶች ስሌት ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ 1/8ኛ ነው የሚወርደው! «ጠጋ ጠጋ በሉ» ዋጋ አለው ለማለት ነው።

መኪና ያላችሁ እንዲህ ሞክሩት። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ድምፁ ከጎላ የግራውን ጠርጥሩ፤ መታጠፊያ ላይ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። ከዚያ በክሪክ አንሱትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ ወይም ስታዞሩት ከሻከረ ወደ ጋራዥ ነው። ችላ የተባለ ኩሽኔታ ግሎ ሊነክስ፣ ሲብስም ጎማው ሊወጣ ይችላል።

ልትገዙ ስትሄዱ የአሮጌውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። 6204 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፦ የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ነው። 6205 ደግሞ 25። (ከ04 በታች ይሄ አይሠራም፤ 6203 ለምሳሌ 17 ነው።) ከኋላው ዜድዜድ ካለ በሁለቱም ጎን የብረት ክዳን አለው፣ 2አርኤስ ካለ የጎማ። ለአቧራና ለጭቃ የጎማው ይሻላል ባይ ነን። አስመሳይ ዕቃም አለ። የስዊድኑ ኤስኬኤፍ ለዚሁ ብሎ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ፎቶ ትልካላችሁ፣ እነሱ ያጣራሉ።

ሲገጠምም ዓይናችሁን አትንቀሉ። ዘንግ ላይ የሚገባውን የውጪውን ቀለበት በመዶሻ እየመታ የሚያስገባ ካያችሁ አስቁሙት። ምቱ በኳሶቹ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ቀለበቱን ያሰረጉደዋል፣ አዲሱ ኩሽኔታ በሳምንቱ መጮህ ሊጀምር ይችላል። መገፋት ያለበት ዘንጉን የሚነክሰው የውስጡ ቀለበት ነው።

ተሳፋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከመውረዳችሁ በፊት ሹፌሩን «ወንድሜ፣ የኋላ ግራው ይጮሃል» በሉት።