ከብሪጅተን የተነሣው ባለ ክንድ መጋዝ

ዴዋልት ሲባል አዲስ አበባ ኮንስትራክሽን ላይ ለሚውለውም፣ እዚህ ሜሪላንድ የሰው ቤት ለሚያድሰውም አበሻ ቶሎ ትዝ የሚለው ቢጫና ጥቁሩ ድሪል ነው። ያ ድሪል በዚህ መልኩ ገበያ ላይ የወጣው በ1992 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ስሙ ግን ከዚያ ሰባ ዓመት ይቀድማል። የሰው ስም ነው፤ ሰውየው ስሙን ያተረፈው በመጋዝ ነው። የዚያ መጋዝ ዘር የሆነ የ1950ዎቹ ማሽን ጋራዤ ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል፤ እንጀራዬንም ያበስልልኛል። ስለዚህ ታሪኩን ስጽፍ ገለልተኛ ነኝ አልልም። በዚህ መጋዝ ላይ ከተለጠፈው ክፉ ስም ግማሹ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ሬይመንድ ዴዋልት በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ብሪጅተን በምትባል ከተማ የአንድ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። በዚያ ዘመን ረጅም ጣውላን በአግድሙ መቁረጥ ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው። በጠረጴዛ መጋዝ ከተሠራ ጣውላውን ወደ ጥርሱ የሚገፋው ሰው ነው፤ አሥራ ስድስት ፉት የሚረዝም ወራጅ በጎኑ ሲገፋ ደግሞ ጫፉ ይወዛወዛል፣ ይከብዳል፣ ረዳት ይጠይቃል። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ መጋዝም ነበር፤ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ አንግል ቀይር ሲሉት ግን አይሆንለትም።

ዴዋልት በ1922 መላ አገኘ። ሞተሩንና ክብ ዲስኩን አንድ ላይ አድርጎ ከጠረጴዛው በላይ በተዘረጋ ክንድ ላይ ሰቀላቸው። ዲስኩ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ስለታሰረ ቀበቶ የለም። ጣውላው ባለበት ይቀመጣል፤ የሚሄደው መጋዙ ነው። ክንዱ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ሞተሩ ይጋደማል፣ ሞተሩን የተሸከመው ሹካ ደግሞ ራሱን ችሎ ይዞራል። በነዚህ ሦስት እንቅስቃሴዎች ቀጥታም፣ በአንግልም፣ ተጋድሞም መቁረጥ ተቻለ። «ዎንደር ወርከር» ብሎ ሰየመው። በ1924 ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1925 የፈጠራ መብቱ ጸደቀለት፤ ፋብሪካው ፔንስልቬንያ ውስጥ መጀመሪያ ሊዮላ፣ ኋላም ላንካስተር ሆነ። እንግዲህ መጋዙ ከተወለደበት ሥራ መረዳት ያለብን ነገር አለ፦ መጋዙ የተፈጠረው ለአግድም ቁርጥ ነው። ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ የተደረበ ነው፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ቤት መሥራት ላይ ነበረች። ከጦርነት የተመለሰው ወጣት ጋራዥ ያለው ቤት ገዛ፤ በእረፍት ቀኑም መደርደሪያውን ራሱ መሥራት ፈለገ። በ1949 የዴዋልትን ኩባንያ የገዛው አሜሪካን ማሽን ኤንድ ፋውንድሪ፣ የቦውሊንግ ማሽን የሚሠራው ድርጅት ማለት ነው፣ ይህን ገበያ አየ። ለፋብሪካ የተሠራው መጋዝ ለቤት እንዲሆን ትንሽ ተደርጎ ተሠራ። የ9 ኢንቹ ኤምቢኤፍ እና የ10 ኢንቹ ጂደብልዩአይ የዚህ ጊዜ ልጆች ናቸው። ዛሬ ዐዋቂዎች እየዞሩ የሚፈልጉት እነዚህን ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ክንዳቸው ወፍራም ጊዛ ነው፤ ኩሽኔታቸው ከታጠበና ከተስተካከለ ሞተሩ ያለ ጨዋታ ይሄዳል።

ለቤት ሲሸጥ ግን «ሁሉን ቻይ» ተብሎ ተሸጠ። አንድ ማሽን ይቆርጣል፣ ይሰነጥቃል፣ ቦይ ያወጣል፣ ይሞርዳል፣ ዲስኩን አውጥተው ሌላ ነገር ካሰሩበት ይበሳል። ማስታወቂያው ውሸት አይደለም፤ ሁሉንም ይችላል። ችግሩ ጣውላን በርዝመቱ መሰንጠቅ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ሞተሩ ዘጠና ዲግሪ ይዞርና ዲስኩ ከመደገፊያው ጋር ትይዩ ይቆማል፤ አሁን የሚገፋው ጣውላው ነው። መግፋት ያለበት ከዲስኩ ዙረት በተቃራኒ ነው። ሰው አቅጣጫውን ከሳተ ጥርሱ ጣውላውን ከእጁ ነጥቆ እንደ ጦር በወዲያ በኩል ይወረውረዋል፤ እጁንም አብሮ ሊወስደው ይችላል። በዚህ መጋዝ ጣውላ አልሰነጥቅም። የጠረጴዛ መጋዝ አለኝ፤ የሌለውም ሰው ቢሆን በዚህኛው እንዲሰነጥቅ አልመክርም።

በአግድም ቁርጥም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ጥርሶቹ ከታች ሲያልፉ ወደ መደገፊያው ስለሚሄዱ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘውት ይቀራሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። በዚያው ኃይል ግን መጋዙ ራሱን ወደ ሠራተኛው ይስባል። ጥርሱ ወደፊት ያጋደለ የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ካሰሩበት እንጨቱ ላይ ሊወጣና ወደ ሰው ሊሮጥ ይሞክራል። መድኃኒቱ ጥርሱ በትንሹ ወደ ኋላ ያዘነበለ ዲስክ ነው፤ ሌላው ደግሞ የሚስበውን የራስን ክንድ አለማጠፍና መጋዙን እንደያዙ ማስኬድ ነው። ግራ እጅ ከዲስኩ መንገድ ይርቃል፤ ቁርጡ ሲያልቅ መጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ እስኪቆም አይነካም። ጋራዤ የሚመጡ ልጆች «ጋሼ፣ ይህን ነገር ባይነኩት ይሻላል» ይሉኛል። ፍርሃታቸውን አከብራለሁ፤ መጀመሪያ የማስተምራቸውም ገመዱን ከሶኬት መንቀል ነው።

ገበያው ሲሰፋ መጋዙ ቀለለ። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1960 ዴዋልትን ገዛ፤ ሲርስ የተባለው የመደብር ድርጅት በበኩሉ ኤመርሰን የተባለ ኩባንያ የሚያመርትለትን መጋዝ ክራፍትስማን በሚል ስም በየቤቱ አስገባ። በእጄ ያለፉት የኋላ ዘመን የቤት ሞዴሎች፣ የማንም ይሁኑ የማን፣ ከጊዛቸው የተቀነሰ ነገር እንዳለ ክንዳቸውን ሲወዘውዙት ይታወቃል። ዛሬ የተስተካከለው ስኳድራ ነገ ይዛነፋል። ያልተስተካከለ መጋዝ ደግሞ እንጨት ይጨመድዳል፣ ባለቤቱም ይፈራዋል፣ ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። በኅዳር 2000 የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽንና ኤመርሰን ከ1958 እስከ 1992 የተሸጡ 3.7 ሚሊዮን ያህል የክራፍትስማን መጋዞች ላይ የእርማት ጥሪ አወጡ። ምክንያቱ የዲስኩ መከለያ ሙሉ በሙሉ አለመሸፈኑ ነበር። አዲሱ መከለያ ለሚገጥምለት በነፃ ተላከለት፤ ለማይገጥምለት ደግሞ ሞተሩን ነቅሎ ሲልክ 100 ዶላር ተከፈለው። ለጣት ሲባል የተደረገ ነውና ትክክል ነበር። ብዙ መጋዝ ግን በዚያ መንገድ ክንድ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ሥራውን ተንሸራታች መጋዝ (ስላይዲንግ ማይተር ሶው) ወስዶበት ነበር። በአንድ ሰው ተነሥቶ መኪና ላይ ይጫናል፣ ሥራ ቦታ ይሄዳል፤ ከዚህ ጋር ማን ይወዳደራል? ትልቁን ባለ ክንድ መጋዝ ለፋብሪካ የሚሠራ ኦሪጅናል ሶው የተባለ ኩባንያ ግን ብሪት፣ አይዋ ውስጥ አለ።

ስለዚህ አሮጌውን የሚገዛ ሰው ምን ይይ? ቀለሙንና ዝገቱን ይተወው፤ ዝገት ይለቃል። የጠረጴዛውንም መበላሸት አይቁጠረው፤ ችፑድ ቆርጦ ይለውጠዋል። የክንዱን ጫፍ ይዞ በኃይል ወደ ጎን ይግፋው። ከተነቃነቀና ቡሎኑ ሲጠብቅ ካልቆመ ጥሎት ይሂድ። ሞተሩን በእጁ ያዙረውና ኩሽኔታው የሚያንኳኳ ወይም የሚንገጫገጭ መሆኑን ያዳምጥ። ዲስኩን ሊፈታ ከፈለገ ደግሞ ቡሎኑ የሚፈታው ከለመደው በተቃራኒ መሆኑን ይወቅ፤ ይህን ሳያውቅ በመዶሻ የሚታገል ሰው ዘንጉን ያበላሸዋል።

ቤት ሲገባ ሥራው ስኳድራ ነው። ገመዱ ተነቅሎ፣ ትልቅ ስኳድራ ከመደገፊያው ጋር ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስተኛለሁ። ከዲስኩ አንድ ጥርስ መርጬ በኖራ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ጥርሱ የስኳድራውን ጠርዝ ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አቀርበዋለሁ። ከዚያ ዲስኩ እንዳይዞር ይዤ መጋዙን ቀስ ብዬ ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ጥርሱ ብረቱን ሲልስ የሚያሰማው ድምፅ ከኋላ እስከ ፊት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መሃል ላይ ከጠፋ ወይም ጫፍ ላይ ከጮኸ ክንዱ ተዛንፏል፤ ቡሎኑን ላላ አድርጎ በፀጉር ያህል ማስተካከልና እንደገና መሳብ ነው። ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይህን ትዕግሥት ያልሰጠ ሰው መጋዙን ባይወቅሰው ደስ ይለኛል። ተስተካክሎ ከቆመ በኋላ አሥራ ሁለት መደርደሪያ በአንድ ርዝመት፣ ሰጋቱራውን እየጠረጉ፣ ቀና ብለው ሳይለኩ መቁረጥ ይቻላል፤ የቦዩ ጥልቀትም ከጣውላው ፊት ላይ እያዩት ይወጣል፣ በጠረጴዛ መጋዝ ግን ከሥር ስለሆነ አይታይም።

አገር ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼ አንዱን በኮንቴይነር እንድልክላቸው ይጠይቁኛል። አልልክም፤ ምክንያቴ ኤሌክትሪኩ ነው። ሞተሩ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ በደቂቃ 3450 ያህል ይዞራል። አገር ቤት 50 ኸርዝ ስለሆነ ዙረቱ በስድስተኛው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ቮልቱን ማስተካከል ዙረቱን አይመልስም። ለእነሱ ለአገራቸው ኤሌክትሪክ የተሠራ ተንሸራታች መጋዝ ይሻላቸዋል። እዚህ አሜሪካ ጋራዥ ያለው አበሻ አናጺ ግን የሟች አያት ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሲያልፍ ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ ዴዋልት ካየ ይቁምና ክንዱን ወዝውዞ ይሞክረው።