ሄኒ፣ ሶንያ (እ.ኤ.አ. 1912–1969)

ሶንያ ሄኒ፣ ስለት በተገጠመለት ጫማ በበረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ መዝለልንና መሽከርከርን በሚጠይቀው የጥበባዊ ሸርተቴ ስፖርት ዓለምን የመራች፣ በኋላም በሆሊውድ ዝናን ያተረፈች ኖርዌያዊት ስትሆን፣ የተወለደችው ዛሬ ኦስሎ በሚባለው ከተማ ነው። በ11 ዓመቷ በ1924ቱ የሻሞኒ ኦሊምፒክ ከስምንት ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ብትወጣም፣ ከ1927 እስከ 1936 በተከታታይ ዐሥር የዓለም ሻምፒዮናዎችን፣ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ደግሞ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎችን አሸንፋለች። አጭር ቀሚስን የውድድር ልብስ በማድረግና የባሌን፣ ማለትም የምዕራባውያንን የመድረክ ውዝዋዜ፣ ስልት ከሸርተቴው ጋር በማዋሐድ የስፖርቱን መልክ ለውጣለች።

በ1936 ከአማተርነት፣ ማለትም ያለ ክፍያ ከመወዳደር፣ ከወጣች በኋላ ከትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ጋር ተዋውላ «ዋን ኢን ኤ ሚሊየን» በተሰኘው ፊልም የሆሊውድ ሥራዋን ጀመረች፤ በ1941 በወጣው «ሰን ቫሊ ሴሬናድ» የተባለ ፊልምም በመሪ ተዋናይነት ሠርታለች። በትውልድ አገሯ ግን በ1936 በርሊን ላይ ለሂትለር የናዚ ሰላምታ መስጠቷ ብርቱ ወቀሳ አስከትሎባታል። ከመርከብ ባለሀብቱ ባለቤቷ ከኒልስ ኦንስታድ ጋር በኦስሎ አቅራቢያ ያቋቋመችው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከል በ1968 የተከፈተ ሲሆን፣ እርሷም በቀጣዩ ዓመት በደም ካንሰር ምክንያት ከፓሪስ ወደ ኦስሎ ስትበር ዐርፋለች።