ባለቤቱ የታወቀ ሸክላ

የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» እ.ኤ.አ. በ2005 ለዕይታ ሲበቃ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ስለ ኢትዮጵያ እምብዛም ከማያውቅ ተመልካች ዘንድ ደረሰ። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የሚባል ኢትዮጵያዊ ጎረቤት አለ። ቢል መሪ የሚተውነው ሰው የቀድሞ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሊነሳ ሲል ዊንስተን ለመንገዱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞው በ«የከርሞ ሰው»ና በመሰሎቹ ይታጀባል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን የግራንድ ፕሪ ሽልማት አገኘ። ነገሩ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የዕድል ታሪክ ይመስላል፦ ጥሩ ጆሮ ያለው ዳይሬክተር ሙዚቃውን ሰማ፣ ወደደ፣ ፊልሙ ውስጥ አስገባ። በእኔ እምነት ግን ይህ ከዚያ 36 ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረ ሥራ ውጤት ነው። ሙዚቃን የሚያስመርጠው ውበቱ ነው፤ ፊልም ውስጥ የሚያስገባው ግን ባለቤቱ መታወቁ፣ መገኘቱና መፈረም መቻሉ ነው።

ይህን ለመረዳት የፈቃድ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ የተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሁለት መብቶች አሉ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ማለትም የዜማው፣ ግጥም ካለውም የግጥሙ። ሁለተኛው የቅጂው ነው፤ ያን ዕለት ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ማስተር። ሙዚቃውን ከምስል ጋር ማዋሃድ የፈለገ ሰው ከሁለቱም ባለመብቶች በጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። ጥያቄው ዝርዝር ነው፦ ሙዚቃው ስንት ሰከንድ ይሰማል? ትዕይንቱን የሚያጅብ ነው ወይስ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የሚሰሙት? ለየትኞቹ አገሮች፣ ለስንት ዓመት፣ ለሲኒማ ብቻ ነው ወይስ ለቴሌቪዥንም? ማስታወቂያ ከሆነ የምን ዕቃ ማስታወቂያ ነው? ክፍያው የሚቆረጠው በእነዚህ መልሶች ነው። የሚወጣበት ቀን የተወሰነለት ፊልም ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ባለመብቱ የጠፋ ሙዚቃ ምንም ያህል ቢያምር በሌላ ይተካል። የግል አሳታሚዎች በዚህ ገበያ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጎን የቆሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም መብት በአንድ እጅ ስለሆነ ጉዳዩ በአንድ ፊርማ ያልቃል።

የእኛው ታሪክ የሚጀምረው ከአምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በ1969፣ ይህን ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመና የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳተመ። ኩባንያው እስከ 1975 ባለው ጊዜ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። ድፍረቱ ብዙ ጊዜ ተነግሮለታል፤ ለእኔ ክርክር የሚበልጠው ግን የሸክላው መለያ ወረቀት ነው። በዚያች ክብ ወረቀት ላይ የአሳታሚው ስም፣ የተጫዋቹ ስም፣ የሥራው ርዕስና ተራ ቁጥር ታትሟል። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቲያትር ቤቶች ባንዶች በደመወዝ የሚሠሩ የመንግሥት ተቀጣሪዎች ስለነበሩ፣ ሥራቸው የማን ነው ቢባል መልሱ በቀላሉ አይገኝም ነበር። የአምሃ ሸክላ ግን ስሙ የተጻፈ፣ ገንዘቡን ያወጣ፣ ሊጠየቅ የሚችል አንድ ሰው ነበረው።

ይህ መለያ ወረቀት ዋጋ ያወጣው ሁሉ ነገር ከፈራረሰ በኋላ ነው። ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳፈነው፣ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን ሸክላዎች ማሰባሰብ ሲጀምር የሄደው ባለቤት ወዳላቸው ስብስቦች ነበር። በካይፋ ሬከርድስ የተቀዳው የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ ወጣ። ከአምሃና ከካይፋ ስብስቦች ደግሞ በቡዳ ሙዚክ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የአልበሞች ተከታታይ ተወለደ፤ የሙላቱን ሥራዎች የያዘው ቅጽ 4 በ1998 ወጣ። ጃርሙሽ ይህን ሙዚቃ ወድዶ ፊልም ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ ሲፈልግ ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ አድርጎ ጻፈው። ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚጻፍበት አድራሻ ነበረ፤ ከፓሪስ ወደ አምሃ፣ ከአምሃ ወደ ሙዚቀኛው የሚያደርስ የውል ሰንሰለት ተዘርግቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። ሕጉ በሌለበት ወረቀት ምን ዋጋ አለው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የደራሲን መብት ይደነግጋል፤ ለተጫዋቹና ለድምፅ አሳታሚው ግን በግልጽ ቦታ አልሰጠም። እነዚህ ተዛማጅ የሚባሉት መብቶች በስማቸው የተጠሩት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች ሥራዎቿ በውጭ አገር የነበራቸው ከለላም ስስ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ክርክሬን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሕጉ ሲሳሳ የሚቀረው ውል ነው። ከባድ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ነገ ከሳሽ ሊመጣበት የሚችል ድምፅ ይዞ መውጣት አይፈልግም፤ ስለዚህ የሚከፍለው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ለሚፈርምለትና ለፊርማው ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ያማል፦ ወረቀቱ አሳታሚውን ጠቀመ፤ ሳክስፎን የነፋው፣ ከበሮ የመታው፣ ዜማውን ያቀናበረው ምን አገኘ? አብዛኛው የባንድ ተጫዋች የሚከፈለው ለቀረጻው ዕለት ነበር። በኋላ በካሴት ዘመንም ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ መሄዱ የተለመደ ነበር። ሸክላው ከ30 ዓመት በኋላ ሆሊውድ ሲጠራ ስማቸው በየትኛውም ውል ላይ ያልሰፈረ ሰዎች የሚጠይቁበት ቀዳዳ አልነበራቸውም። ይህ በደል ነው፤ ልናስተባብለውም አይገባም። ነገር ግን የበደሉ ምንጭ የወረቀቱ መኖር ሳይሆን የወረቀቱ ጉድለት ነው። ወረቀት የሚከፍለው ለጻፈው ስም ብቻ ነው። ከዚህ በተቃራኒ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ እንይ። ደራሲዋም ፒያኖ ተጫዋቿም ራሳቸው ነበሩ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ሲታተም ገቢውን ለችግረኞች መርጃ አዋሉት። በ2006 «ኢትዮፒክስ» ቅጽ 21 ሆኖ ከወጣ በኋላ ሙዚቃቸው በጋሬት ብራድሊ «ታይም» ዘጋቢ ፊልምና በ2021 በሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» ውስጥ ተሰማ። በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽንም ልጆችን ሙዚቃ ለማስተማር ይሠራል። ደራሲውና ተጫዋቹ አንድ ሰው ሲሆን፣ ያም ሰው የታወቀ ሲሆን፣ ጥቅሙ ባለቤቱ ወደፈለገበት ይሄዳል።

ሙዚቃን ለማስታወቂያ መስጠት ማርከስ ነው የሚሉም አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ለሐዘን የተሠራ ዜማ ሳሙና ሲያሻሽጥ ማየት ያስከፋል። ግን እምቢ ማለትም ፊርማ ይፈልጋል። በ1987 ናይክ የቢትልሶችን «ሪቮሉሽን» ለጫማ ማስታወቂያ ሲያውል ፈቃዱን ያገኘው ከሸክላው ኩባንያና ከድርሰቱ መብት ባለቤት ነው። የቢትልሶች ኩባንያ አፕል ተቃውሞ ከሰሰ፤ ነገሩ በስምምነት ቢዘጋም ማስታወቂያው ግን ቀድሞ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። በዓለም ዝነኛ የሆኑት ሰዎች ወረቀቱ በእጃቸው ባለመሆኑ የገዛ ድምፃቸውን ማስቆም ከተቸገሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ውል የቀረጸ ወጣት በምን ያስቆማል? መብት ያለው ሰው ለፊልሙ ሊፈቅድ፣ ለማስታወቂያው ሊከለክል ይችላል። መብት የሌለው ግን ምርጫም የለውም።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ዳይሬክተር እስኪመጣ መጠበቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሮያሊቲ አሰባሰብንና የጋራ አስተዳደርን በሕግ አደላድሏል፤ ሆኖም የትኛውም ማኅበር ያልተጻፈ ስም ፈልጎ ሊከፍል አይችልም። ሥራው የሚጀመረው በቀረጻው ዕለት፣ ሙዚቀኞቹ ገና ሳይበተኑ ነው፦ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ማስተሩ የማን፣ እነማን ተጫወቱ፣ ድርሻቸውስ ስንት ነው? አንድ ገጽ የሚሞላ ጽሑፍና የሁሉም ፊርማ ይበቃል። አምሃ የራሱን ስም በሸክላው ላይ በማተሙ ሙዚቃው ከስደትና ከዝምታ ተርፎ የፊልም በር ከፈተ። የእኛ ትውልድ ዕዳ እሱ የጀመረውን ማስፋት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ሲከፈት የከበሮ መቺውም ስም ወረቀቱ ላይ ይኑር።