መዝገብ የሌለው መጽሐፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ (2ኛ ነገ. 22)። የተገኘው ግን በባዕድ ሀገር ሳይሆን በቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው። መጽሐፍ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መኖሩና ያለበት ስፍራ ሊታወቅ ይገባል። የመጻሕፍት መዝገብ ወይም ካታሎግ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ አንባቢ የሚሻውን በደራሲው፣ በርእሱ ወይም በይዘቱ ያገኝበታል፤ ጠባቂውም የጎደለውን ያውቅበታል።

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያስተዳድሩ የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ላይ የመጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በብዙ አድባራትም የንዋያተ ቅድሳቱና የመጻሕፍቱ ቁጥር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር።

የመዝገብን ዋጋ መቅደላ አሳይቶናል። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ተመዝግበዋልና ዛሬ እያንዳንዳቸውን በቁጥራቸው ጠርተን መጠየቅ እንችላለን። ሳይመዘገቡ በየግለሰቡ ቤት የቀሩትን ግን በምን ስም እንጠይቃቸው?

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ 9,000 ገደማ ብራናዎችን ምስል አስቀርቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የእነዚህን ብራናዎች ይዘት በየገጹ እየመረመሩ ለረጅም ዓመታት መዘገቡ። ፎቶግራፉ መልኩን ጠበቀ፤ መዝገቡ ግን ለተመራማሪ በሩን ከፈተ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ኑኑ ቁምባ በተመለስሁ ጊዜ በአንዲት አጥቢያ ለበዓል ዋዜማ ድርሳነ ሚካኤል ተፈለገ። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ስፍራ በቃላቸው ያውቁ የነበሩት አባት ግን ዐርፈዋል። ሳጥን ስናገላብጥ ውለን፣ መጽሐፉን ከሥር፣ ጠርዙ በምስጥ ተበልቶ አገኘነው። ዕውቀቱ ከአባታችን ጋር አብሮ ተቀብሮ ነበር።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ደብተር ይበቃናል። የመጽሐፉን ቁጥር፣ ርእስ፣ ቋንቋ፣ የሰጠውን ሰው፣ ያለበትን ይዞታና የተዋሰውን ሰው ስም እንጻፍበት። ግልባጩን በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት እናኑር። አባቶች በቃላቸው የያዙትን ሳያርፉ እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር