በጣና ሐይቅ ለሚጓዙ፦ አስተማማኝ ጀልባና ጠንቃቃ ነጂ እንዴት ይመረጣል?

ከታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ጀምሮ በጥር 7 ሥላሴና በጥር 11 ጥምቀት አልፎ እስከ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ባለው ጊዜ፣ በጣና ሐይቅ ላይ ወደሚገኙ ገዳማት የሚጓዘው ምዕመንና ጎብኚ ይበረክታል። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ዋና የማይችሉና ከዚያ ቀን በፊት ጀልባ ተሳፍረው የማያውቁ የደጋ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ብቻ በመላው ዓለም 300 ሺሕ ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ጀልባ መምረጥ የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን አንደበት አምኖ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ይመረምራል፣ አስነድቶ ይመለከታል። ጀልባም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። በሬ ሳይመረምር የገዛ ሰው የሚከስረው ገንዘብ ነው፤ ጀልባ ሳይመረምር የተሳፈረ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የሚከተለው መረጃ ተጓዡ ከመሳፈሩ በፊት ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው።

የሐይቁን ጠባይ ማወቅ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺሕ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ጥልቀት ማነሱ አንዳንዱን ተጓዥ ያዘናጋዋል። ዋና ለማይችል ሰው 3 ሜትርም ሆነ 14 ሜትር ያው ነው። ከዚህም በላይ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነፋስ ሲነካው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያነሣል፤ እንዲህ ያለው ማዕበል ትንሽ ጀልባን በተደጋጋሚ እየመታ ውኃ ያስገባል።

የነፋሱ ሰዓትም የሚታወቅ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቁ አየር ቦታውን ለመሙላት ይነፍሳል። ስለዚህ ሐይቁ በማለዳ ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ወይም ቀትር ላይ መመለስ የሚቻልበትን ጉዞ መምረጥ ይበጃል። በክረምት ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ስለሚበዛና በተንጣለለ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባው ስለሆነ፣ የመብረቅ አደጋም አለ።

ርቀቱም ልዩነት ያመጣል። ደብረ ማርያም ከባሕር ዳር እጅግ ቅርብ ናት። ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ ምድር በተለመዱት ጀልባዎች አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወደ ደቅ ደሴት፣ ወደ ናርጋ ሥላሴና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚደረገው ጉዞ ግን እንደ ሞተሩ ጉልበት በርካታ ሰዓታት የሚወስድ በመሆኑ የተሻለ ጀልባና የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል።

ነጂውንና ማኅበሩን መመርመር

የመጀመሪያው ጥያቄ «ጀልባው የማን ነው? ፈቃድስ አለው?» የሚለው ነው። በአገራችን የውኃ ትራንስፖርትን የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ ማኅበር ወይም ድርጅት ፈቃዱን ለማሳየት፣ የጀልባውን የመጫን አቅም ለመናገርና ደረሰኝ ለመስጠት አያንገራግርም። በመንገድ ላይ አግኝቶ «እኔ አሳፍርሃለሁ» የሚል ደላላ የጀልባው ባለቤትም ነጂም አይደለም፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠየቅበት ነገርም የለውም። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከነጂው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

ነጂው በሐይቁ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ረዳት እንዳለው፣ መንገድ ላይ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልምድ ያለው ነጂ መልሱ አጭርና የተዘጋጀ ነው። መጠጥ የቀመሰ ነጂ ግን ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው አብሮት መሳፈር አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ነጂው ስለ አየሩ የሚሰጠው ቃል ነው። «ዛሬ ነፋሱ ከብዷል፤ ነገ ጠዋት እንሂድ» የሚል ነጂ ገቢውን አሳልፎ ለተሳፋሪው የቆመ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስልክ ይዞ በሌላ ጊዜ መመለስ እንጂ ትቶት እሺ የሚለውን መፈለግ ስሕተት ነው። ተሳፋሪው «በዓሉ ያልፍብናል» እያለ ነጂውን ማስገደዱም አደጋ ይጋብዛል።

ጀልባውን ማየት

ተጓዡ ከመሳፈሩ በፊት የሚከተሉትን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል፦

1. የጀልባው ወለል ደረቅ ነውን? ጥቂት ውኃ የተለመደ ነው፤ በየደቂቃው በጣሳ የሚቀዳ ውኃ ግን ስንጥቅ እንዳለ ያመለክታል።

2. ሰውና ዕቃ ከተጫነ በኋላ የጀልባው ጠርዝ ከውኃው በላይ ምን ያህል ይቀራል? ጠርዙ ወደ ውኃው ከቀረበ ትንሽ ማዕበል ይበቃዋል። ዕቃም እንደ ሰው ይቆጠራል፤ 2 ኩንታል እህል ወይም ቡና የ3 ሰው ያህል ክብደት አለው።

3. ነዳጁ ለመመለሻ ይበቃል? የተለመደው ጥንቃቄ አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመመለሻ፣ ቀሪውን ለመጠባበቂያ መያዝ ነው።

4. መቅዘፊያ፣ ገመድ፣ ውኃ መቅጃ፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን አሉን? እምቦጭ በተስፋፋባቸው የሐይቁ ክፍሎች አረሙ በሞተሩ ተሽከርካሪ ላይ ተጠምጥሞ ሊያቆመው ስለሚችል መቅዘፊያ የግድ ነው።

5. የነጂው ስልክ ባትሪ ሞልቷል? በየብስ ላይ የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው አለ?

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በጀልባ ውስጥ ሲጋራ ማጨስም ሆነ ጧፍ ማብራት ፈጽሞ አይገባም።

የሕይወት አድን ጃኬት

ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩ ብቻ ጥቅም የለውም፤ መለበስ አለበት። አደጋ በደረሰ ጊዜ ከመቀመጫ ሥር አውጥቶ ለመልበስ ፋታ አይገኝም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ መኖሩን ቆጥሮ ማረጋገጥ ይገባል፤ ለ12 ሰው 8 ጃኬት ያለው ጀልባ የሚጭነው 8 ሰው ብቻ ነው።

በብዙ ጃኬቶች ላይ የማንሳፈፍ ኃይላቸው በኒውተን ተጽፎ ይገኛል። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ለዳርቻ ቅርብ ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። ዋና የማይችል ሰው 100 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ሊመርጥ ይገባል። 100 ኒውተን ማለት በግምት 10 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ኃይል ነው፤ አካላችን በአብዛኛው በውኃው ስለሚደገፍ ይህ ጭንቅላትን ከውኃ በላይ ለመያዝ ይበቃል። ስፖንጁ ደርቆ የተሰባበረ፣ መቆለፊያው የተሰበረ ወይም ጨርቁ የተቀደደ ጃኬት ግን ቁጥሩ ምንም ቢል አያስተማምንም። ጃኬቱን ከለበሱና ከቆለፉ በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ወይም አልጠበቀም።

የአለባበሳችን ነገርም መታሰብ አለበት። ጋቢና ቡሉኮ ውኃ ሲጠጡ ይከብዳሉ፣ እጅንም ያስራሉ። ብርድ ካለ ከጃኬቱ በላይ ጣል አድርጎ መቀመጥ እንጂ ተጠቅልሎና አጥብቆ መታጠር አይገባም።

ሕፃን ያዘለች እናት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። የአዋቂ ጃኬት ሰውን በጀርባው አንጋሎ የሚያንሳፍፍ ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ፊቷ ወደ ሰማይ ሲሆን በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ከውኃው በታች ይሆናል። ሕፃኑ ከጀርባ ወርዶ ለክብደቱ የሚመጥንና በእግሮቹ መካከል የሚታሠር የራሱ ጃኬት ሊለብስ ይገባል። የሕፃን ጃኬት ካልተገኘ ያንን ጉዞ መተው ይሻላል። መድረሻው ዘጌ ከሆነ በየብስ መንገድ መሄድ ይቻላል።

ዋጋና ስምምነት

ከመነሣት በፊት ክፍያው በሰው ይሁን በጀልባ፣ ስንት ገዳማት እንደሚጎበኙ፣ ነጂው በየቦታው ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ የገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በሒሳቡ ውስጥ መካተት አለመካተቱ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ሙሉውን ክፍያ ሲመለሱ መስጠት የተሻለ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው፤ በዘጌ ያሉትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ግን ወንዶችም ሴቶችም ይሳለሟቸዋል። ይህንን አስቀድሞ የማይነግር አጓጓዥ በሌላውም ነገር ግልጽ መሆኑ ያጠራጥራል።

በጉዞ ላይና አደጋ ሲደርስ

ጀልባ ላይ መቆምና ለፎቶግራፍ ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ የጀልባውን ሚዛን ያናጋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ነጂው ርቀቱን ጠብቆ እንዲያልፍ መጠየቅ ይገባል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ መሄድ የሚሹ ጎብኚዎችም ከዳርቻው ሳይርቁ፣ ጃኬት ለብሰውና ታንኳውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሆኑ መልካም ነው። በዳርቻ ላይ መዋኘትና መታጠብ ለቢልሃርዚያ በሽታ ሊያጋልጥ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ሞተር ቢጠፋ ሁሉም በመቀመጫው ይቆይ፤ ነጂውም ሌላ ጀልባ ይጥራ። ጀልባ ቢገለበጥ ዳርቻው ቅርብ ቢመስልም እንኳ ጀልባውን ይዞ መቆየት ይመረጣል፤ የተገለበጠ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። ሰው ከጀልባ ቢወድቅ ሞተሩ ይቁም፣ የሚንሳፈፍ ነገርና ገመድ ይወርወርለት፤ ዋና የማይችል ሰው ተከትሎ መግባት የለበትም። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ እንደማይጮኽም ማስታወስ ይገባል፤ ዝም ብሎ ሊሰጥም ይችላል።

ከውኃ የወጣውን ሰው ዘቅዝቆ መያዝ ወይም ሆዱን መጫን ጊዜ ያባክናል፣ ጉዳትም ያደርሳል። ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያም የደረቱን መካከል 30 ጊዜ አጥብቆ እየተጫኑ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ነው። እርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው። ቢነቃም እንኳ ሳንባው ውኃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

በመጨረሻም

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአበው ብሂል ለጣና ማለዳ የተነገረ ይመስላል። ጸጥ ያለውን ሐይቅ አይቶ ጃኬቱን ያወለቀ፣ «ቅርብ ነው» ብሎ ከልክ በላይ የጫነ፣ ደመናውን እያየ የተነሣ ነው አደጋ የሚያገኘው። ፈቃዱን የሚያሳይ፣ በአቅሙ ልክ የሚጭን፣ ለሁሉም ጃኬት የሚያለብስና አየሩ ሲከፋ «አንሄድም» የሚል አጓጓዥ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ሊመረጥ ይገባዋል። ተሳፋሪው እነዚህን ነገሮች እየጠየቀ በሄደ ቁጥር ጠንቃቃው ነጂ ገበያ ያገኛል፤ ግዴለሹም ወይ ይታረማል፣ ወይ ተሳፋሪ ያጣል።